ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ አቅሜን በምን ልለካ?

ጥያቄ፦ 50 ዓመቴ ነው። በግራ ጡቴ ካንሰር ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ ከብብቴም እጢዎች ወጥተዋል። ኬሞቴራፒውንና ጨረሩን ከጨረስኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ስፖርት ልጀምር ብዬ ስሄድ አሠልጣኙ «መጀመሪያ አቅምሽ ይፈተን» ብሎ የልብ ምቴ 170 እስኪደርስ ልሩጥ፣ ከዚያም የምችለውን ትልቁን ክብደት ላንሳ አለኝ። እኔ ግን ደረጃ ስወጣ እንኳ ትንፋሽ ያጥረኛል። ልፈተን ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ መለካቱ ይጠቅምዎታል፤ በዚህ መንገድ ግን አይሁን። በመጀመሪያ የትንፋሹን ነገር ለሐኪምዎ ይንገሩ። እንደ ዶክሶሩቢሲንና ትራስቱዙማብ ያሉ መድኃኒቶች የልብን ጡንቻ ሊያደክሙ ይችላሉ፤ በግራ ደረት ላይ የሚሰጥ ጨረርም ልብን ሊነካ ይችላል። የደም ማነስም ትንፋሽ ያሳጥራል። ሐኪሙ ልብዎንና ደምዎን ሳያይ ማንም እንዲያስሮጥዎ አይፍቀዱ።

170 የመጣው ከ220 ላይ ዕድሜዎን በመቀነስ ነው። ስሌቱ ለጤነኛ ሰውም ቢሆን ግምት ነው። ከኬሞ በኋላ ልብ በእረፍት ጊዜም ፈጠን ብሎ ሊመታ ይችላል፤ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ምቱን ይይዙታል። ስለዚህ ከምቱ ጎን ለጎን ድካምዎን ከ0 (ምንም ድካም የለም) እስከ 10 (ከፍተኛ ድካም) ባለው ቁጥር ይግለጹ።

ሐኪሙ ከፈቀደ በስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ይጀምሩ። 30 ሜትር ርዝመት ያለው ደልዳላ ኮሪደር ይመረጥና ሁለቱ ጫፎች ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ወንበርም በቅርብ ይቀመጣል። 10 ደቂቃ ዐርፈው የደም ግፊትዎን በቀኝ ክንድዎ ይለኩ። ከዚያ ሳይሮጡ የቻሉትን ያህል ርቀት ይሂዱ። ቢደክምዎ መቆም ይችላሉ፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ቆጣሪው ሰው አጠገብዎ አይሂድ፤ ሳያውቀው ፍጥነቱን እሱ ይወስናልና። ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ጊዜ ሙሉ ሄደው በ15ኛው 12 ሜትር ላይ ሰዓቱ ካለቀ ውጤትዎ 432 ሜትር ነው። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም መንገዳገድ ከመጣ ወዲያው ያቁሙ። የደምን ኦክስጅን በጣት ላይ የሚለካው መሣሪያ በጥፍር ቀለም፣ ወይም ኬሞ ባጠቆረውና ባወፈረው ጥፍር ምክንያት ሊሳሳት ስለሚችል ጣት ይቀይሩ። በሁለተኛው ሙከራ ሰው አካሄዱን ስለሚለምደው ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል፤ ዐርፈው ደግመው የሚበልጠውን ይያዙ።

ለእግር ጡንቻ 43 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ወንበር ግድግዳ አስደግፈው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው፣ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደሚነሡ ይቁጠሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ዝቅ ያለ ወንበር ከተጠቀሙ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ፓክሊታክሰል የተባለውን የኬሞ መድኃኒት ወስደው እግርዎ ከደነዘዘ በአንድ እግር መቆምንም ግድግዳ አጠገብ ሆነው ይሞክሩ።

ትልቁን ክብደት በአንዴ ማንሳት ለሁሉም ክልክል አይደለም፤ ካንሰሩ ወደ አጥንት ከተዛመተ ወይም አጥንት ከሳሳ ግን አይሞከርም። እንደ ሌትሮዞል ያሉ የጡት ካንሰር ክኒኖች አጥንት ስለሚያሳሱ ይህንንም ሐኪሙን ይጠይቁ። ለእርስዎ አሁን በደንብ 10 ጊዜ የሚያነሡትን ክብደት መዝግቦ መያዝ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምና በተደረገልኝ በኩል ያለው ክንዴ ክብደት ባነሣ ያብጣል ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህ የቆየ ፍርሃት ነው። ቀስ በቀስ የሚጨምር ክብደት እብጠትን እንደማያባብስ በጥናት ታይቷል፤ ከባዱን በድንገት ማንሣት ግን ሌላ ነገር ነው። ከመጀመርዎ በፊት ሁለቱንም ክንዶች ከእጅ አንጓ ጀምሮ በየ4 ሴንቲሜትሩ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጫነው። የሚሠሩበት እጅ በተፈጥሮው ትንሽ ሊወፍር ይችላል። ልዩነቱ በአንድ ቦታ 2 ሴንቲሜትር ከደረሰ፣ ወይም ቀለበትና እጅጌ መጥበቅ ከጀመሩ፣ ክብደቱን አቁመው ፊዚዮቴራፒስት ያማክሩ። ክንዱ ቀልቶ የሚያተኩስና ትኩሳት ያለው ከሆነ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።