ለእምነቴ ብዬ ልፈርም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምኖረው አሜሪካ ነው። ሰፈራችን አጠገብ ሞርሞን የሚባለው እምነት ተከታዮች አዲስ ቤተ መቅደስ ሊሠሩ አቅደዋል። ጎረቤቴ «ማማው ከመጠን በላይ ረዘመ፣ መንገዱም ሊጨናነቅብን ነው» የሚል የተቃውሞ ወረቀት አምጥታልኛለች። እውነት ለመናገር የማማው ቁመት አያስጨንቀኝም። ግን ሃይማኖታቸው ልክ ስላልሆነ፣ ብፈርም ለእምነቴ የቆምኩ መስሎ ተሰማኝ። ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ከተለጠፈ ሳምንት አለፈው። ምን ይመክሩኛል? ወለተ ማርያም ነኝ።

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ ሳምንት ሙሉ እጅሽን ስለያዝሽ ደስ ብሎኛል።

ስለ ሃይማኖታቸው ብዙ አልልም። ቅድስት ሥላሴን እኛ እንደምናምነው አያምኑም። ለሞቱት ወገኖቻቸው በሕይወት ያሉት ይጠመቁላቸዋል፤ ይህ ደግሞ ከእኛ ፍትሐትና ተዝካር ጋር አንድ አይደለም። እዚህ ላይ ማለሳለስ የለም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

እኔን የያዘኝ «ለእምነቴ የቆምኩ መስሎ ተሰማኝ» ያልሽው ነው። ይህን ነገር ስንቱ ምእመን ላይ አይቼዋለሁ መሰለሽ! ስለ ሥላሴ ሁለት ደቂቃ አስረዳ ሲባል ይንተባተባል። እስክሪብቶ ሲሰጡት ግን ጀግና ነው።

እስኪ ወረቀቱን እዪው። የሚያወራው ስለ ማማና ስለ መኪና ነው። አንቺ በልብሽ የምትፈርሚው ደግሞ ስለ ሥላሴ ነው። የማያስጨንቅሽን ነገር «አስጨንቆኛል» ብለሽ ስምሽን ልታሰፍሪ ነው። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» (ዘጸ. 20፥16) የሚለው ትእዛዝ፣ ባልንጀራው ሞርሞን ሲሆን አይላላም።

ደግሞ «እሑድ እሑድ መንገዱ ይዘጋል» የሚል ቃል ካለበት ከወዲሁ ስሕተት ነው። ቤተ መቅደሳቸው እሑድ ዝግ ነው። ለእሑድ ጸሎት ሌላ ተራ የመሰብሰቢያ ቤት አላቸው።

ተቃውሞ ሁሉ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ፣ ከዳላስ በስተ ሰሜን ፌርቪው የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሞርሞኖች እዚያ ቤተ መቅደስ ሲያቅዱ ማማው ከ170 ጫማ በላይ ነበር። የከተማዋ ምክር ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. አልፈቅድም አለ። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሊያመራ ሲል በአስታራቂ ተያዘና ማማው ወደ 120 ጫማ ዝቅ ብሎ በ2025 ተፈቀደ። ቤቶቹ ዝቅ ባሉበት ሰፈር፣ ከጣሪያህ በላይ መብራት የተለቀቀበት ማማ ሌት ተቀን አልይ ማለት የሰው ሐቅ ነው። «ያለ ማማ አይሆንም ወይ?» ብሎ መጠየቅም ይቻላል፤ ሀዋይ ላይ በ1919 የተመረቀው ቤተ መቅደሳቸው እኮ ማማ የለውም። ይህን ከልቡ የሚል ሰው ይበል።

ግን ነግ በእኔ ማለትም አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ ከተሞች በመሬት ደንብ እያሳበቡ የአምልኮ ቦታዎችን ያለ በቂ ምክንያት እንዳያጉላሉ ይከለክላል። ሞርሞኖቹን የሚጠብቃቸው ሕግ የእኛንም ደጅ የሚጠብቅ ነው።

እኔ ራሴ ደርሶብኛል። አሮጌ አዳራሽ ገዝተን ቤተ ክርስቲያን ልናደርገው ስንል ለከተማው ስብሰባ ቀረብን። አንድ ሽማግሌ ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው፣ «ባለፈው እሑድ አርባ ሦስት መኪና ቆጥሬአለሁ። ሁለቱ የቆሙት ሣሬ ላይ ነው» አሉ። ልክ ነበሩ። አንደኛው መኪና የእኔ ነበር። ከእሳቸው ቀጥላ አንዲት ሴት ተነሥታ ስለ መኪና ማቆሚያ ብዙ ተናገረች። ስብሰባው አልቆ በር ላይ ስንገናኝ ግን ስለ መኪና አልጠየቀችኝም። «ጫማ አውልቃችሁ እዚያ ውስጥ የምታመልኩት ምንድን ነው?» አለችኝ። ሽማግሌውን እስከ ዛሬ በመንገድ ሳያቸው ከልቤ ነው ሰላም የምላቸው። የሴትዮዋን ነገር ለመርሳት ግን ጊዜ ፈጀብኝ። ያኔ ስሜን ብትጠይቀኝ፣ ስለ እምነቴም በግልጽ ብትሟገተኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ኤፌሶን ሁለት ዓመት አስተማረ። አርጤምስ የምትባለው ጣዖት ቤተ መቅደስ የነበረባት ከተማ ናት። በእጅ የተሠሩት አማልክት አይደሉም ብሎ በግልጽ ሰበከ፤ አላፈረም። ረብሻውን ያስነሣው ብር ሠሪው ድሜጥሮስ ነው። የተነካው ገበያው ነበር፤ የተጮኸው ግን ስለ አርጤምስ ክብር ነው። በመጨረሻ የከተማይቱ ጸሐፊ፣ ያውም አረማዊ ሆኖ፣ ተይዘው የመጡት የጳውሎስ ባልደረቦች መቅደሳችንን አልዘረፉም፣ አምላካችንንም አልሰደቡም ብሎ መሰከረላቸው (ሐዋ. 19፥37)። ጳውሎስ በአንድ ልብ ተናገረ። አንዱን በልቡ ይዞ ሌላውን በአፉ የጮኸው ድሜጥሮስ ነው። የጎረቤትሽ ወረቀት አንቺን ከማን ጋር እንደሚያቆምሽ እዪው።

ስለዚህ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንሺው። የማማው መብራት በእርግጥ መኝታ ቤትሽ የሚገባ ከሆነ፣ ራስሽ ስብሰባው ላይ ሄደሽ ይህንኑ ተናገሪ። ካልሆነ ባዶውን መልሺላት። ቡና አፍይተሽ ጥሪያትና ለምን እንዳልፈረምሽ እውነቱን ንገሪያት፤ እንዳትቀየምሽ።

ቤተ መቅደሱ መሠራቱ አይቀር ይሆናል። ያኔ ሸሚዝና ክራቫት ያደረጉ ሁለት ወጣት ሰባኪዎቻቸው ደጅሽን ቢያንኳኩ፣ መጋረጃ ጋርደሽ የለሁም አትበይ። ስለ ሥላሴ የምትመልሺውን ከአሁኑ አዘጋጂ፤ የከበደሽን ጻፊልኝ። ሲመጡ ውኃ ስጫቸው። ቡና አይጠጡም።