ባክቴሪያሽ ሳይሆን ምግቡ ቢሆንስ የተቀየረው?

ሰላም እህቴ። ከጋራዥ አፈር ያወጣሽው ባክቴሪያ በሄፕታዴኬን (ናፍጣ ውስጥ ያለ የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለት) ሲያድግ ብርቱካናማ፣ በግሉኮስ ሲያድግ ነጣ ያለ ሆነብሽ። የፋቲ አሲዱም (ቅባቱ የሚሠራበት የካርቦን ሰንሰለት) ውጤት በሁለቱ ምግቦች አልገጥም አለሽ። «ሌላ ባክቴሪያ ገብቶብኝ ይሆን?» ነው ጥያቄሽ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ምግቡን ነው።

ሄፕታዴኬን 17 ካርቦን አለው። ባክቴሪያው ጫፉን በኦክስጅን ይነካውና አልኮል፣ ከዚያ አልዲሃይድ፣ በመጨረሻ 17 ካርቦን ያለው ፋቲ አሲድ ያደርገዋል። ለጉልበት የሚፈልገውን ሁለት ሁለት ካርቦን እየቆረጠ ያቃጥላል፤ 15፣ 13 እያለ ይወርዳል። ከፊሉን ግን እንዳለ ወስዶ ሜምብሬኑን (የሴሉን ሽፋን) ይሠራበታል። ስለዚህ ጎዶሎ ቁጥሮች ይበዙብሻል። በግሉኮስ ሲያድግ ፋቲ አሲዱን ራሱ ከሁለት ካርቦን ጀምሮ ሁለት ሁለት እየጨመረ ስለሚቀጥል፣ አብዛኛውን ጊዜ 16 እና 18 ይበረክታሉ። በኮሮና ጊዜ መኪና በጎዶሎና በሙሉ ቁጥር ታርጋ ሲከፈል እንደነበረው በይው። በናፍጣ ብታሳድጊውማ ናፍጣ ራሱ ድብልቅ ስለሆነ ሁሉንም ታገኚያለሽ።

እኔ እዚህ ላይ ጉድ ሆኛለሁ። ናሙናዬ ከሱማሌ ተራ ነበር፤ የተቃጠለ ዘይት የጠገበ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር። መካኒኩ «አፈሩ በነጻ ነው፣ ዘይቱን ግን ትከፍያለሽ» ብሎ ቀለደብኝ። ሁሉን በትክክል ሠርቼ፣ ፋቲ አሲዶቹን ለይቶ ለሚለካው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ኢንተርናል ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) ብዬ የጨመርኩት ባለ 17 ካርቦኑን ፋቲ አሲድ ነው! ባክቴሪያዬ ደግሞ ያንኑ በገፍ ያመርታል። የስታንዳርዱ ፒክ (ግራፉ ላይ የሚወጣው ጉብታ) አብጦ ሌላው ሁሉ በስሌት ኮሰሰ። ባክቴሪያዬ ቅባት የለውም ብዬ ስንት ቀን ተበሳጨሁ። በኋላ ወደ 19 ካርቦኑ ዞርኩ። አንቺም አንድ ናሙና ያለ ስታንዳርድ አስነብቢ፤ በዚያ ቦታ ምንም ፒክ መኖር የለበትም። ሴሎቹንም ደህና አድርገሽ እጠቢ፣ የተረፈ ሄፕታዴኬን የራሱን ፒክ ያወጣል።

ቀለሙ? ብርቱካናማና ሮዝ ከሆነ ሮዶኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያና ዘመዶቹን አስባለሁ፤ የእነሱ ቀለም በአብዛኛው ካሮቲኖይድ (ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ዓይነት ቀለም) ነው። በምግብ ብቻ ሳይሆን በኮሎኒው (ሳህኑ ላይ በአንድነት ያደገው የባክቴሪያ ክምር) ዕድሜና በብርሃንም ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቀለም ብቻውን ምስክር አይሆንም። ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ ሴንትሪፉጅ አድርጊው (በፍጥነት አሽከርክሪው)። ቀለሙ ከታች ከሴሉ ጋር ከተቀመጠና ፈሳሹ ንጹህ ከሆነ ካሮቲኖይድ ይመስላል። ፈሳሹ ራሱ ሰማያዊ አረንጓዴ ከሆነ ግን ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ገብቶብሻል፣ ያኔ ፍርሃትሽ ልክ ነው።

ነገሩን የሚቆርጠው ይሄ ነው። አንድ ኮሎኒ ብቻ አንሺ። ለሁለት ከፍለሽ በሁለቱም ምግብ አሳድጊ። ከዚያ ግሉኮስ የለመደውን ወደ ሄፕታዴኬን መልሺው። ቀለሙም ጎዶሎ ቁጥሩም ከተመለሰ ያው ባክቴሪያ ነው። 16ኤስ (ባክቴሪያን በዘረመሉ የሚለይ ምርመራ) የምታሠሪበት ገንዘብ ካለሽ ከሁለቱም አሠሪ፤ ከሌለሽ በዚህ ጀምሪ።

ቀለሙን በአሴቶን ካወጣሽ ቱቦውን በፎይል ጠቅልዪው፣ ካሮቲኖይድ ብርሃን አይወድም። ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ያለውን አንብቢ። ደግሞ ነገ አነበዋለሁ ብለሽ ፍሪጅ ውስጥ አትተዪው። መብራት ሲሄድ የኔን አበላሽቶብኛል።