«ስፋቱ ስንት ነው?» ሲባል 18 ወይስ 210?

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ያለው ቦታችን ከፊት 10፣ ከኋላ 18 ሜትር ነው። ፊትና ኋላው ትይዩ ናቸው። አንዱ የጎን አጥር ቀጥ ብሎ 15 ሜትር፣ ሌላው ሰያፍ ሆኖ 17 ሜትር ነው። ልጄ ለቤት ሥራው «ስፋቱ ስንት ነው?» ቢለኝ 18 አልኩት። እሱ «210 ነው» አለ። ጎረቤታችን ደግሞ 238 ይላሉ። ትክክለኛው አነጋገር የቱ ነው?

መልስ፦ እርስዎም ልጅዎም ልክ ናችሁ። «ሰፊ መንገድ» ስንል ከዳር እስከ ዳር ያለውን ማለታችን ነው፤ እርስዎም የመለሱት በዚያ ስሜት ነው። በሒሳብ ትምህርት ግን ስፋት በካሬ ሜትር የሚለካው ነው። ሁለቱ እንዳይምታቱ ለመጀመሪያው «ወርድ» ማለት ይበጃል። ቦታ ሻጭና ገዢ «ስንት ካሬ ነው?» የሚሉት ደስ ይለኛል፤ ማንንም አያሳስትም።

የጎረቤትዎ ስሕተት የመጣው «ቁመት» ከሚለው ቃል ይመስለኛል። በቦታ ወሬ «ወርዱና ቁመቱ» ስንል የጎን አጥሩን ርዝመት እንወስዳለን። ማዕዘኖቹ ሁሉ ቀጥ ላሉ አራት ማዕዘን ቦታ ይሠራል። የእናንተ ቦታ ግን ትራፒዝየም ነው፤ ማለትም ከአራቱ ጎኖቹ ሁለቱ ብቻ ትይዩ የሆኑ ቅርጽ። የትራፒዝየም ቁመት በሁለቱ ትይዩ ጎኖች መካከል ቀጥ ብሎ የቆመው ርቀት እንጂ ሰያፉ አጥር አይደለም። ጎረቤትዎ 17ን ወስደው 28 ካሬ ጨመሩ። በካሬ ሒሳብ ለሚሸጥ ቦታ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም! ሁለቱም አጥሮች ሰያፍ ቢሆኑ ኖሮ ቁመቱን በሲባጎ መለካት ይቀል ነበር። ግንበኞች ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 በሆነ ሦስት ማዕዘን ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን) እንደሚያወጡት ማለት ነው።

የስፋቱ ሒሳብ ሕግም ሲጻፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «10 እና የ18 ግማሽ በ15 ይባዛ» ቢባል አንዱ 18ን ብቻ ይገምሳል። አማርኛ ቅደም ተከተልን በግሥ ያሳያል፤ በዚያ እንጠቀም፦ «ሁለቱን ትይዩ ጎኖች ደምረን፣ በቁመቱ አባዝተን፣ ለሁለት እናካፍላለን።» 10 ሲደመር 18፣ 28 ነው። በ15 ሲባዛ 420። ለሁለት ሲካፈል 210 ካሬ ሜትር።

ልጅዎ ማረጋገጥ ከፈለገ ቦታውን ይክፈለው፦ 10 በ15 የሆነው አራት ማዕዘን 150፣ የቀረው ሦስት ማዕዘን 60 ካሬ ይሆናል።