ኦዲት ሲባል አይደንግጡ

ጥያቄ፦ ገላን ውስጥ አነስተኛ የጀሪካን ማምረቻ አለኝ። 14 ሠራተኞች ነን። የመብራት ቢሉ በየወሩ እየጨመረ ግራ ገብቶኛል። በቀደም አንድ ባለሙያ መጥቶ «የኢነርጂ ኦዲት ልሥራልሽ» አለኝ፣ የጠራው ዋጋ ግን አስደነገጠኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «ይሄንን እኮ መንግሥት ይከፍላል» ይላል። እውነት ነው? ኦዲት ሲባል ትዝ የሚለኝ ግብር ስለሆነ ነገሩ ራሱ ያስፈራኛል።

መልስ፦ ከፍርሃቱ ልጀምር። እህቴ፣ የኢነርጂ ኦዲተር የሽያጭ ደረሰኝዎን አያገላብጥም። የሚያየው የመብራት ቢሉን፣ ማሽኖቹንና የሥራ ሰዓትዎን ነው። ኃይል የት እንደሚባክን ለክቶ፣ ምን ቢያስተካክሉ ስንት ብር እንደሚተርፍዎት፣ ወጪዎም በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ጽፎ ይሰጥዎታል።

ጎረቤትዎ ዝም ብሎ አላወራም። አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኢነርጂ ቁጠባ ሥራ የሚውል ፈንድ እንዲኖር ደንግጓል። ግን ሕጉ ላይ ፈንድ አለ ማለት እርስዎ ለባለሙያው የከፈሉት ይመለስልዎታል ማለት አይደለም። ስለዚህ ምንም ሳይፈርሙ ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ደብዳቤ ያስገቡ። በእርስዎ መጠን ላለ ማምረቻ ድጋፍ አለ ወይ? ባለሙያውስ የብቃት ማረጋገጫ አለው? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ መንግሥት በጀት መድቦ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የምህንድስና ተማሪዎች ትንንሽና መካከለኛ ፋብሪካዎችን በነጻ ሲፈትሹ ቆይተዋል። ባለፋብሪካው ወጪው ይቀንስለታል፣ ተማሪው ሙያ ይዞ ይወጣል። ለእኛም ይህን አጥብቄ እመኛለሁ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እኮ ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ ቂሊንጦ ነው ያለው! የጎረቤት ማምረቻዎች ተሰባስባችሁ አንድ ደብዳቤ ብትጽፉላቸው ምን ይጎድልባችኋል?

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እንዲህ ያለ ድጋፍ ቢገኝም በአብዛኛው የሚሸፍነው ጥናቱን ነው፣ ጥገናው ከኪስዎ ነው። ስለዚህ ያለ ኦዲተር የሚሠራውን ከአሁኑ ይጀምሩ፣ በተለይ ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም አየር አምቆ ለማሽኖቹ የሚልከውን። እሁድ ሌሎቹ ማሽኖች ሁሉ ቆመው፣ ኮምፕረሰሩ ግን በርቶ፣ መስመሩ በአየር ተሞልቶ ሳለ አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። አየር የሚወስድ ሥራ ሳይኖር ኮምፕረሰሩ አሁንም አሁንም እየተነሳ ከሠራ አየሩ የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው። የሳሙና ውኃ በየመገጣጠሚያው ይቀቡ፣ አረፋ የሠራበት ቦታ ያ ነው። ጥገና በማይደረግበት ፋብሪካ ኮምፕረሰሩ ከሚያመርተው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው እንዲህ ሾልኮ ይቀራል፣ ለዚያ ሁሉ አየር ደግሞ የመብራት ከፍለዋል። ግፊቱም ማሽኑ ከሚፈልገው በላይ ከሆነ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት፣ አንድ ባር (የግፊት መለኪያ ነው) በቀነሰ ቁጥር የኮምፕረሰሩ ፍጆታ ወደ 7 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ማሽኑ ከሚፈልገው በታች ግን አያውርዱ፣ ጀሪካኑ ቅርጹን አይይዝም።

የ12 ወር ቢልና የጄኔሬተር ነዳጅ ደረሰኝም ከአሁኑ በአንድ ፋይል ያስቀምጡ፣ ማንም ይምጣ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ይህንን ነው። ያ ባለሙያ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ከዋጋው በፊት በየትኛው መሣሪያ፣ የትኛውን ማሽን፣ ለስንት ቀን እንደሚለካ ይጠይቁት። ሳይለካ ዞር ዞር ብሎ ብቻ ሪፖርት የሚጽፍ ከሆነ አይክፈሉት።