ቀይ ክር ያለበትን ጥልፍ ስለማጠብ

እህቴ፣ እናትሽ የጠለፈችው ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ያለው ቀይ ክር ቀለሙን እንዳይለቅ እንዴት ልጠበው ላልሽው፣ አቦ ማሽን ውስጥ እንዳትከቺው፣ በእጅሽ ነው። መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ከጀርባው በኩል ቀዩ ላይ ጫን አድርገሽ እይ፣ ጨርቁ ከቀላ ይለቃል ማለት ነው፣ እንደዛ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አጥበሽ ቶሎ አውጪው። እኔ አንዴ የትራስ ልብስ ዘፍዝፌ አደርኩና ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆነብኝ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የኛ የድሬ ውሃ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ጀበናውን እንኳን ነጭ ነጭ ያስይዘዋል፣ በሱ ውሃ በደረቅ ሳሙና ሲታጠብ ሳሙናው ከጨርቁ አይለቅም፣ ጨርቁንም ድርቅ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ትንሽ ሻምፖ ወይ ፈሳሽ ሳሙና ውሃው ውስጥ በጥብጪና ጨርቁን በመዳፍሽ ጫን ለቀቅ አድርጊው፣ አትሺው፣ በረኪና ደግሞ በፍጹም። መጨረሻ ላይ ማለቅለቂያው ውስጥ አንድ ሁለት ማንኪያ አቼቶ ጨምሪበት፣ የሳሙናውን ቅሪት ያነሳዋል።

ቀለም መልቀቅ ከጀመረ ሳይደርቅ ውሃው እስኪጠራ እየቀያየርሽ አለቅልቂው፣ ከደረቀ ወይ ካውያ ካረፈበት ግን አበቃ፣ ማስለቀቁ መከራ ነው።

አትጭመቂው። ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ጠቅልለሽ ጫን በይው፣ ከዛ ጥላ ውስጥ ይንጠፍ፣ የድሬ ፀሐይ ክሩን ያደበዝዘዋል። ስትተኩሺው ጥልፉን ወደ ታች ፎጣ ላይ ገልብጠሽ ከጀርባው፣ ያኔ ክሩ አይደፈጠጥም።