ጥላሁንን በአትሞስ? ቆይ እስቲ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ቤቴ አምስት ስፒከርና አንድ ትልቅ ቤዝ ያለው የሰራውንድ ሲስተም አስገብቻለሁ። የፈረንጅ ኮንሰርት ስከፍትበት ቤቱ ይሞላል። የኛን ዘፈን ስከፍት ግን ድምፁ ከፊት ካሉት ሁለቱ ብቻ ነው የሚመጣው። የጥላሁን፣ የማህሙድ፣ የሙላቱ ሥራዎች ለምን በሰራውንድ አይወጡም? ምርጫው ያንተ ቢሆን ከማን ትጀምራለህ? (የገርጂው አንባቢ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ፣ ጎረቤቶችህን ግን እግዜር ይርዳቸው። እኔ ከጂጂ ነው የምጀምረው። አሁን ስድብ እንደሚወርድብኝ አውቃለሁ፣ ግን ስማኝ።

ነገሩ በዝና ቢሆን ጥላሁንን የሚቀድመው የለም። ሰራውንድ ለመሥራት ግን ድምፆቹ ተለያይተው የተቀመጡበት ቅጂ ያስፈልጋል፤ ድምፃዊው ለብቻ፣ ቤዙ ለብቻ፣ ሳክስፎኑ ለብቻ። ማልቲትራክ የሚሉት እሱን ነው። እሱ ካለ ባለሙያው ክራሩን በቀኝህ፣ ተቀባዮቹን ከጀርባህ ያስቀምጥልሃል። ከሌለ ግን የተጋገረ እንጀራ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም።

አምሃ እሸቴ በ1969 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠራቸው) ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ ባንዱና ዘፋኙ አንድ ክፍል ገብተው ጥቂት ማይክሮፎን ፊት አንድ ላይ ነበር የሚቀዱት። አንዱ ከሳተ ሁሉም ከሀ ይጀምራል። የዘመኑ ጣዕምም ያለው እዚያ ላይ ነው። ጋሽ ማህሙድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» ክፈተውና የጆቫኒ ሪኮን ቤዝና የሰላም ስዩምን ጊታር ተከተል። ተያይዘው ነው የሚሄዱት። እነሱን አለያይቶ አንዱን ሳሎንህ ጥግ፣ ሌላውን መስኮቱ ሥር ማስቀመጥ እኔ እንደሚመስለኝ ትዳር ማፍረስ ነው።

አሁን ወደ ጂጂ። በ2001 የወጣውን በስሟ የተሰየመውን አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ነው። የጃዝ ታላላቆቹ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮዋ ሳንደርስ ሁሉ ገብተውበታል። በሁለት ስፒከር ስሰማው ሁልጊዜ ጠበበብኝ እላለሁ፣ ሰው የሞላበት ሚኒባስ ውስጥ ያሉ ያህል። ደግሞ ማልቲትራኩ ለመኖሩ ማስረጃ አለ፦ ያው ላስዌል በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ አልበሙን እንዳለ አፍርሶ እንደገና ሠርቶታል፤ ድምፅዋን አርቆ፣ ቤዙን አውጥቶ፣ ቦታ ሰጥቶት። ድምፆቹ ተለያይተው ባይቀመጡ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር። ስለዚህ የጎደለው ገንዘብና ፍላጎት ነው።

ሁለተኛ ጋሽ ሙላቱ፣ ግን የ1970ዎቹን ሳይሆን የ2010ሩን «ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ»ን። ጋሽ ሙላቱ በመዶሻ የሚመታው ቫይብራፎን ቦታ ሲሰጡት የሚያምር መሣሪያ ነው።

አስቴር ደግሞ ሦስተኛ ትሁን። ክርክሩን በሌላ ቀን እንጨርሰዋለን።

ጥያቄ፦ ኤአይ ከአንድ ቅጂ ላይ ድምፆችን ይለያል ይባላል። ታዲያ ጥላሁንን ለይተው ለምን አይሠሩትም? ዩቲዩብ ላይ «8ዲ» የሚሉትስ ያው አይደለም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህታችሁ)

መልስ፦ እህቴ፣ 8ዲውን ተዪው። ድምፁን በጆሮሽ ዙሪያ እያዞሩ ራስሽን የሚያዞሩብሽ ናቸው። መለየቱ ግን እውነት ነው። የቢትልስን «ሪቮልቨር» በ2022 በአትሞስ (ድምፁን ከዙሪያም ከላይም በሚያመጣው አዲሱ ሰራውንድ) ያወጡት እንደዚያ ነው፤ አንድ ትራክ ላይ ተደባልቀው የተቀዱትን ጊታር፣ ቤዝና ድራም በኮምፒውተር ለያይተው።

ልዩነቱ እነሱ ኦሪጅናል ቴፑ በእጃቸው መሆኑ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከተጫረ ሸክላ ወይም ከካሴት ላይ የተገለበጠውን ነው። የኃይሉ መርጊያን ነገር ታውቂው የለ? በ1985 ዋሽንግተን አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና ድራም ማሽኑን ራሱ እየደራረበ የሠራው ካሴት ዳግም ዓለምን የዞረው፣ አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 ስላሳተመው ነው። ኤአይ ከካሴት ላይ ሲለይ ሹሹታውንም እንደ መሣሪያ ይቆጥረዋል፣ የዘፋኙን ጠርዝም ይበላል። የጥላሁን ጉሮሮ ውስጥ ያለችው ያቺ ንዝረት ከተበላች ምን ቀረ? መጀመሪያ ጥሩው ቴፕ ይፈለግ፣ ይጽዳ፣ በሞኖም ቢሆን በደንብ ይውጣ። እኔ ይበቃኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዘፈኑን ተዉትና መንፈሳዊው ዜማስ? (የቀድሞ መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎ ዋናውን ነገር ነው የጠየቁኝ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖና የዓለሙ አጋ በገና ሰራውንድ አያስፈልጋቸውም። አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ ከፊት ለፊት። ማኅሌቱ ግን ሲፈጠርም ሰራውንድ ነው። ቀኝና ግራ ተሰልፈው ሲቀባበሉ፣ ከበሮው መሐል፣ ጸናጽሉ በሁለቱም በኩል። ላሊበላ ላይ በገና በዓል ዕለት «ቤዛ ኩሉ» ሲባል ደግሞ ካህናቱ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ ሆነው ይላሉ፣ ከታች ያሉት ይቀበላሉ። አትሞስ ከድሮው ሰራውንድ የሚለየው ጣሪያ ላይ በሚሰቀሉት ስፒከሮች ነው፤ ለዚህ ዜማ ይመቻሉ። ድምፁ ተደባልቆ የተቀዳውን ቪዲዮ ማስተካከል ግን አይቻልም፣ እንደ አዲስ መቀዳት አለበት። አንዱ ባለ ስቱዲዮ ይህን ካነበበ፣ የገና በዓል ሳይደርስ ከደብሩ ፈቃድ ይጠይቅና ማይክሮፎኖቹን ከላይም ከታችም ይትከል።

ጥያቄ፦ አትሞስ በተራ ሄድፎን ይሰማል? (ከዱባይ)

መልስ፦ ይሰማል። አፕል ሚዩዚክ ከ2021 ጀምሮ ያለ ጭማሪ ክፍያ ያጫውታል፤ ሴቲንግ ውስጥ ዶልቢ አትሞስን «ሁልጊዜ» ላይ አድርጊው። የገርጂው ወንድማችን ደግሞ የድሮ ዘፈን ሲከፍት ማጉያውን «ስቴሪዮ» ላይ ይተወው። «ኦል ቻናል» የሚለው ያንኑ ድምፅ በየስፒከሩ ከማባዛት ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም።