ጣና ላይ የሚነሳ ፎቶ ለምን ብዥ ይላል?

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህንና የለጠፍካቸውን ፎቶዎች አሁን ነው ያየሁት። "ካኖን 700ዲ ካሜራ ከ18-55 እና ከ55-250 ሌንስ ጋር አለኝ፣ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ ጣና ላይ የማነሳው በተለይ ወፍና ታንኳ ብዥ ይልብኛል፣ ደሴቶቹም ይነጡብኛል፣ ሌንስ ልቀይር ወይ?" ነው ያልከው። አትቀይር። ብርህን ያዝ። ከላይ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ ካሜራ) ግዛ ያሉህንም ለጊዜው እለፋቸው። ሁለቱም ሌንሶች ሰው እንደሚያማቸው አይደሉም፤ ባለህ ዕቃ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ይወጣል። እኔም ለመዝናኛ ነው የማነሳው፣ ባለሙያ ነኝ አልልም፤ ግን ከዚህ ሐይቅ ጋር ብዙ ታግያለሁና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ብዥታውን ለይተህ እወቀው። ሁላችንም "ብዥ አለ" ብለን እናልፋለን እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ መፍትሔውም ለየቅል ነው። ፎቶውን ካሜራው ላይ ክፈትና በማጉያው ቁልፍ እስከ መጨረሻው አጉላው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳበ ከመሰለህ፣ ለምሳሌ ውሃው ላይ የምታብረቀርቅ ነጥብ አጭር መስመር ሆና ከታየችህ፣ እጅህ ወይም የተቀመጥክበት ጀልባ ተንቀጥቅጧል። ታንኳው ጥርት ብሎ የቀዛፊው ክንድ ብቻ ከደበዘዘ፣ አንተ ደህና ነህ፣ እሱ ነው የተንቀሳቀሰው፤ ሸተርህ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ዘግይቶበታል። ከሰውየው ኋላ ያለው ደንገል ጥርት ብሎ ሰውየው ብዥ ካለ ደግሞ ፎከስህ ስቷል። ራቅ ያለው ደሴት ብቻ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ሸሚዝ ከነጣብህ ጥፋቱ የካሜራህም የእጅህም አይደለም፣ የአየሩ ነው።

ከለጠፍካቸው ውስጥ የፔሊካኗ ፎቶ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በ250 ዙም፣ በ1/160 ሰከንድ ሸተር አንስተሃታል። እንዲህ አይሆንም። የቆየው የፎቶ አንሺዎች ስሌት ሸተሩ ቢያንስ የዙምህን ቁጥር ያህል ይፍጠን ይላል። ያንተ ካሜራ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ በ1.6 ታባዘዋለህ፤ 250 ሲባዛ 400 ይመጣል። ስለዚህ 1/400 ማለት መሬት ላይ ቆመህ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ስታነሳ ያለው ዝቅተኛው ነው። ጀልባ ላይ ከሆንክ እጥፍ አድርገው፣ 1/800 ወይም 1/1000። የሚበር ወፍ ከሆነ ከ1/1600 አትውረድ። ሌንሱ ላይ ያለው ማረጋጊያ የሚረዳው ለእጅህ መንቀጥቀጥ ነው፣ ወፏን ግን አያቆማትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ ያለውን ፊደል የተጻፈበትን ጎማ ቲቪ (Tv፣ ሸተሩን አንተ የምትመርጥበት) የሚለው ላይ አድርግ፣ 1/1000 ስጠው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ ላይ ተወውና ጣሪያውን በሜኑ 3200 አድርግለት። ካሜራው የቀረውን ራሱ ይጨርሳል። አይኤስኦ ከፍ ሲል አሸዋ አሸዋ ይላል ብለው የሚያስፈራሩህ አሉ። ልክ ናቸው፣ ይላል። ግን ያ አሸዋ፣ ኖይዝ የሚሉት፣ በኮምፒውተር ይቀነሳል፣ ስልክ ላይ ለሚያይ ሰው ደግሞ ብዙም አይታወቅም፤ የተንቀጠቀጠን ፎቶ ግን የሚያድነው የለም።

ጀልባ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ሞተሩ እየሠራ ክንድህን ጠርዙ ላይ ካስደገፍክ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ካሜራው ይገባል። አትደገፍ። ተቀመጥ፣ ክርንህን ከጎንህ ጋር አጣብቅ። ከተቻለ ደግሞ ባለጀልባውን "እስቲ አንዴ አጥፋልን" በለው። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ያጠፋሉ፤ ወፎቹም ድምፁ ሲጠፋ አይሸሹም።

ወደ ፎከስ ልምጣ። ካሜራህ 9 የፎከስ ነጥብ አለው፤ ሁሉንም ክፍት ከተውካቸው ራሱ የፈለገውን ይመርጣል፣ የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ ለሱ የቀረበውን ወይም ጎላ ብሎ የታየውን ነው። ደንገል መሃል ያለችን ወፍ ስታነሳ ደንገሉን የሚይዝልህ ለዚህ ነው። የመሃሏን ነጥብ ብቻ ምረጥና ዓይኗ ላይ አሳርፍ። ለሚንቀሳቀስ ነገር ኤአይ ሰርቮ (AI Servo፣ ፎከሱ ነገሩን እየተከተለ የሚሄድበት) አድርግ፣ ቁልፉን ግማሽ ተጭነህ እየተከተልክ። ዓይን ጥርት ካለ ክንፉ ትንሽ ቢደበዝዝ ማንም አይከፋውም፤ ዓይን ከደበዘዘ ግን ሌላው ሁሉ ቢጠራ ፎቶው የለም።

የፔሊካን ነገር ካነሳን፣ ከሩቅ አትታገል። ዓሣ በሚጸዳበት ዳርቻ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ሰው አጠገባቸው ቢያልፍ ብዙም ግድ የላቸውም። እዚያ ሂድና ቁጭ በል። አይ፣ ከመቀመጥም ዝቅ በል፣ ካሜራው ከውሃው ትንሽ ከፍ እስኪል ድረስ። ቆመህ ቁልቁል ስታነሳ ከወፏ ኋላ የሚታየው ጭቃና ላስቲክ ነው፤ ዝቅ ስትል ግን ከኋላዋ ያለው ውሃ ሩቅ ስለሚሆን ይለሰልሳል፣ ወፏ ተገንጥላ ትወጣለች። ሱሪህ ይበላሻል፣ ምን ይደረግ። አንድ ነገር አትርሳ፤ ነጭ ወፍ ጠቆር ባለ ውሃ ላይ ስትሆን ካሜራው ይሸወድና ብርሃኑን አብዝቶ ላባዋን ዝርዝሩ እስኪጠፋ ያነጣዋል። ፕላስ ማይነስ የምትለዋን ቁልፍ ይዘህ ከማንሻው ቁልፍ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ጎማ በማዞር ወደ ማይነስ ሁለት ሦስተኛ ያህል አውርድ።

ሰው ስታነሳ ተቃራኒው ነው የሚገጥምህ። ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ሰው ፍሬሙን ከሞላው ካሜራው "ብርሃን በዛ" ብሎ ያጨልመዋል፣ ፊቱም ጠቁሮ ይቀራል። የጥምቀት ፎቶዎቻችን ላይ ፊት የማይለየው ለዚህ ነው። ከኋላው የሚያበራ ሐይቅ ካለ ደግሞ ይብሳል። ፕላስ አንድ ስጠው፣ ወይም ሰውየውን ትንሽ ዞር አድርገው።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ ከተማዋ ከሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ናት። ስለዚህ ከዳርቻው ወደ ውሃው ስትዞር ፀሐይ ጠዋት በቀኝህ፣ ማታ በግራህ ናት። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የታንኳውን እስር፣ የደንገሉን ጭረት፣ የቀዛፊውን ፊት ሽብሽብ ያወጣዋል። ፎቶ ጥርት ብሎ የሚታየን ግማሹ በዚህ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በሚወርድ ብርሃን ምርጥ ሌንስ ይዘህ ብታነሳ እንኳ ጠፍጣፋ ነው የሚሆነው። ግንቦት አካባቢ ጀምበር ወደ ሰሜን ሸርተት ብላ ስለምትጠልቅ ወደ ውሃው ትቀርባለች፤ ታኅሣሥ ላይ ግን ወደ ደቡብ ስለምትሄድ ከከተማው ሆነህ በመሬቱ በኩል ስትገባ ነው የምታያት።

እኔ ማለዳን ነው የምመርጠው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 2 ሰዓት። ነፋስ ስለማይኖር ውሃው ይተኛል፣ ነጸብራቁም ሙሉ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ሲነሳ ይህን አታገኘውም። ታንኳ ሲመጣ ዝም ብለህ ቁልፍ አትጫን። የሐይቁ አድማስ በሰውየው አንገት ላይ እንዳያልፍ ከፍ ወይም ዝቅ በል፣ ከኋላው የሞተር ጀልባ ወይም የሆቴል ጣሪያ እንዳይገባ ጥቂት ተራመድ፣ ከዚያ መቅዘፊያውን እስኪያነሳ ጠብቅ። በ1/1000 ከጫፉ የሚንጠባጠበው ውሃ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በ1/200 ግን ክር ሆኖ ይሳባል። ሁለቱንም ሞክር፣ ልዩነቱን ያን ጊዜ ታየዋለህ። ደግሞ አስጋሪዎቹን ቀድመህ ሰላም በላቸው። ሥራ ላይ ናቸው፤ "ባነሳችሁ ቅር ይላችኋል?" ማለት ምንም አይከብድም። ፎቶውን ካሳየሃቸው በማግስቱ ራሳቸው ይጠሩሃል።

ስለ ደሴቶቹ ያልከው፣ አየሩ ነው ብያለሁ። ቀን ላይ ሙቀቱ ከውሃው በላይ ያለውን አየር ያርገበግበዋል፤ በዚያ መሃል በ250 ዙም ያነሳኸውን የትኛውም ሌንስ አያጠራውም። ክረምቱ እንዳለፈ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ በማለዳ ሞክረው። አቧራው ታጥቦ አየሩ ንጹሕ ነው።

ዘጌ ስትሄድ ከቡናው ጫካ ሥር ጨለማ ስለሆነ 18-55ቱን ይዘህ አይኤስኦውን ከፍ አድርግ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ሥዕሎቹን ከማንሳትህ በፊት አባቶችን ጠይቅ፣ ፍላሽ አጥፋ፤ ለሥዕሉም ለፎቶውም አይበጅም። ትከሻህን ምሰሶ ላይ አስደግፈህ፣ ትንፋሽህን አውጥተህ፣ በ1/60 ሦስት አራቱን በተከታታይ አንሳ። አንዱ ይጠራል። ጢስ ዓባይ ደግሞ ዋናው ችግር ርጭቱ ነው፤ ሌንሱን ወደ መሬት ዘቅዝቀህ ያዝ፣ ልታነሳ ስትል ብቻ ቀና አድርገው፣ በኪስህ ንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ይኑር። ቀስተ ደመናው የሚታይህ ፀሐይ ከጀርባህ ስትሆን ነው።

ሌንሱ ላይ ርካሽ ፊልተር (ከፊቱ የሚጠመደውን መስታወት) አጥብቀህ ከሆነም ፍታው። በተለይ ወደ ብርሃን ስታዞር ፎቶውን ያደበዝዛል።

ስልክ ብቻ ነው ያለኝ ላልሽው እህቴ፣ ሌንሱን ጥረጊው። እየቀለድኩ አይደለም፣ የብዙዎቻችን ብዥታ የጣት ቅባት ነው። በጣት አትዙሚ፣ ቅረቢ። ፊቱን ተጭነሽ ቆይተሽ ፎከሱን ቆልፊና ብርሃኑን ትንሽ ወደ ታች ሳቢው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ከለጠፍካቸው ሁለቱ ካሜራህ ላይ እንዲህ ብዥ ያሉ አይመስለኝም። በቴሌግራም በፎቶ መልክ ሲላክ ጨምቆ ያሳንሰዋል። ቀጣዮቹን በፋይል አድርገህ ላክ፤ ሸተሩንና አይኤስኦውን ከፋይሉ ላይ አያለሁና የቀረውን እናወራለን።